ስለ ዘመናዊ ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ ስልጠና፦ ጋሼን ጠይቁ (የሰሜን ሸዋ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ጥያቄና መልስ)

አስተባባሪ፦ እንደምን አመሻችሁ ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት እንደተባባልነው ዛሬ ጋሼ ስለ ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ ስልጠና ጥያቄ ይመልሱልናል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ናቸው፣ የሚሰሩት ደብረ ብርሃን ነው፣ ስልጠናውን ራሳቸው አልፈውበታል፣ አሁን ጀማሪዎችን ሱፐርቫይዝ ያደርጋሉ፣ ማለትም ከታካሚ ጋር የሰሩትን አብረው እያዩ ይመራሉ። ጥያቄ አጠር አጠር አድርጉ፣ ከላይ የተጠየቀውን ሳታነቡ አትጠይቁ።

ጋሼ፦ ሰላም ልጆች። ሳልጀምር ሁለት ነገር ልበል። የማወራው ስለ ስልጠና ነው፣ እዚህ ማንንም አላክምም። ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ ማለት ሰው ራሱ ልብ ያላለውን ስሜቱንና ያለፈ ታሪኩን ከቴራፒስት ጋር እያወራ የሚያይበት የንግግር ህክምና ነው። ሌላው የታካሚ ጉዳይ እዚህ አይለጠፍም፣ ስም ብትደብቁም አይለጠፍም። ሸዋ ሰው ይተዋወቃል፣ "መምህር ነው፣ ሚስቱ ጤና ጣቢያ ትሰራለች፣ አምና ወንድሙ ሞቶበታል" ካላችሁ ግማሹ ሰው ማን እንደሆነ አወቀው ማለት ነው። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በሉ።

ነርስ ከሸዋሮቢት፦ ጋሼ እኔ ሳይካትሪ ነርስ ነኝ። ሳይኮሎጂስቶቹ ይሄ የኛ ነው ይላሉ ሳይካትሪስቶቹም የኛ ነው ይላሉ፣ ነርስ መሰልጠን ይችላል ወይስ እኛ መርፌያችንን እየወጋን እንቀመጥ?

ጋሼ፦ ይችላል። ይሄ ክርክር እኮ መቶ ዓመት ሆኖታል። ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ራይክ የሚባል የፍሮይድ (ሳይኮአናሊሲስን የጀመረው ነው) ተማሪ ነበር፣ የህክምና ዶክተር አይደለም፣ ሀኪም ሳትሆን ሰው ታክማለህ ተብሎ ተከሰሰ፣ ፍሮይድ ራሱ ሀኪም ሆኖ ሳለ በ1926 በዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ ጽፎ ነው የተከራከረለት። አና ፍሮይድ አስተማሪ ነበረች፣ ሜላኒ ክላይን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበራትም፣ ኤሪክ ኤሪክሰንም አልነበረውም። አሜሪካኖቹ ግን በሩን ለሀኪም ብቻ ክፍት አድርገው ስንት ዘመን ቆዩ፣ በ1985 ሳይኮሎጂስቶች ፍርድ ቤት ከሰሷቸው፣ በ1988 በስምምነት አለቀና ሌላውም ገባ። ዛሬ ብዙ ማሰልጠኛ ሳይኮሎጂስትም ሶሻል ወርከርም ነርስም ይቀበላል፣ የሚፈልገው መነሻ ሙያ፣ ከታካሚ ጋር የሰራሽበት ልምድ፣ ከዛ ኢንተርቪው ነው። መርፌ መውጋቱንም አታናንቂው። ዋርድ ውስጥ አብራው የምታድረው አንቺ ነሽ፣ ሲናደድ የሚሰድበው አንቺን፣ ሲፈራ የሚጠራው አንቺን ነው። እኛ ትራንስፈረንስ (ታካሚው ለሌላ ሰው ያለውን ስሜት ወደሚያክመው ሰው ማዞሩ) እያልን ከመጽሐፍ የምንማረውን አንቺ በየተረኛነትሽ ታይዋለሽ፣ የጎደለሽ ቁጭ ብለሽ የምታስቢበት ሰዓትና አብሮሽ የሚያስብ ሰው ነው።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ሳይኮአናሊሲስ በደንብ ቢያብራሩልን

ጋሼ፦ ምኑን? ለይተህ ጠይቅና እመልሳለሁ።

የመሃል ሜዳዋ፦ ስልጠናው ራሱ ምን ምን አለው ጋሼ? አንዱ የ6 ወር ኦንላይን ነው ይላል፣ አንዱ 5 ዓመት ይፈጃል ይላል፣ ግራ ገባኝ።

ጋሼ፦ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚያወሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ሳይኮአናሊስት መሆን አንድ ነው፣ ሳይኮአናሊቲክ ወይም ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒስት መሆን ሌላ ነው፣ ኮርስ ወስዶ የያዙትን ሙያ ማጠናከር ደግሞ ሌላ ነው። ሶስቱን ቀላቅሎ የሚሸጥ ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት።

አጥንቱ ግን አንድ ነው። በ1920 በርሊን ውስጥ ማክስ አይቲንጎንና ባልደረቦቹ ክሊኒክ ከፈቱ፣ ክሊኒኩ መክፈል የማይችለውን ሰው ጭምር የሚያክም ነበር (የሀብታም ህክምና ነው ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው)፣ እዛው ስልጠናውን መልክ አስያዙት። ሰልጣኙ ራሱ ታካሚ ሆኖ ይታከማል፣ ታካሚ ይዞ በሱፐርቫይዘር ስር ይሰራል፣ ሴሚናር እየገባ ቲዎሪ ይማራል። እስከ ዛሬ ከዚህ የወጣ የለም ማለት ይቻላል፣ የሚለያዩት በመጠኑ ነው። አናሊስት ለመሆን ሰልጣኙ በሳምንት ብዙ ጊዜ ነው የሚታከመው፣ በ1910 የተመሰረተው ዓለም አቀፉ የሳይኮአናሊሲስ ማህበር ድሮ 4 ወይም 5 ጊዜ ይል ነበር፣ በ2017 ከ3 እስከ 5 አደረገው። ለቴራፒስት ስልጠና በሳምንት 1 ወይም 2 ጊዜ የሚበቃበት ብዙ ቦታ አለ። ሴሚናሩ ላይ ድሮ በአብዛኛው ፍሮይድ ነበር፣ አሁን ክላይንና ቢዮን፣ ዊኒኮት፣ የቦውልቢ አታችመንት (ህጻን ከአሳዳጊው ጋር የሚፈጥረው ትስስር)፣ ኮሁት፣ ከዛ በ1983 ግሪንበርግና ሚቼል ከጻፉት ወዲህ ሪሌሽናል (ግንኙነት ላይ የሚያተኩር) የሚባለው፣ የፎናጊና የቤትማን ሜንታላይዜሽን (የራስንና የሌላውን ሀሳብና ስሜት መረዳት)፣ ከርንበርግ ለከባድ የፐርሰናሊቲ ችግር ያዘጋጀው፣ ብዙ ነው። ዘመናዊ የሚባለው ለዚህ ነው፣ ቴራፒስቱ ከታካሚው ጀርባ ተቀምጦ ዝም የሚልበት ሳይሆን የራሱ ስሜትና ድርሻ ጭምር የሚመረመርበት ነው።

የራስ ህክምና፣ ሱፐርቪዥንና ሴሚናር፣ ከነዚህ ከሶስቱ አንዱ የጎደለው ስልጠና ስልጠና አይደለም። ሱፐርቪዥን የሌለው ሰው ሳይኮአናሊቲክ ቴራፒ እሰራለሁ ብሎ እንዳይጀምር።

የደብረ ሲናው፦ የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ነጥብ ይሰጣል?

ጋሼ፦ እሱን ኮርሱን የሚሰጠውን ጠይቅ።

ሬዚደንት፦ ጋሼ በአክብሮት ነው ግን ይሄ ነገር ማስረጃ አለው እንዴ? ሲቢቲ (የአስተሳሰብና የባህሪ ህክምና) የተጠና ነገር ነው፣ ማኑዋል አለው፣ አጭር ነው። ለአገራችን የሚሆነው እሱ ይመስለኛል፣ 5 ዓመት ሙሉ ስለ እናቱ የሚያወራ ታካሚ ማን አለው?

ሳይኮሎጂስት ከአንጎለላ፦ ሬዚደንት ደግሞ ጀመረ። ሲቢቲ የሚለው ሁሉ ሲቢቲ ሰርቶ ያውቃል? ፎርም ሞልቶ "አሉታዊ ሀሳብህን ቀይር" ብሎ መላክ እኮ ነው የምናየው።

ሬዚደንት፦ መጥፎ የሰራ ሰው አለ ማለት ህክምናው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ እናንተ ጋስ መጥፎ የሚሰራ የለም?

ሳይኮሎጂስት ከአንጎለላ፦ አለ። ግን ቢያንስ ተሳስቶ እንደሆነ የሚጠይቀው ሱፐርቫይዘር አለው።

ጋሼ፦ በቃ ሁለታችሁም። ሬዚደንት ጥያቄህ የሚከበር ነው። ጆናታን ሼድለር በ2010 የነበሩትን ሜታ አናሊሲሶች (የብዙ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የሚያሰሉ ጥናቶች) ሰብስቦ ሲያሳይ ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ ውጤቱ ከሌሎቹ እንደማያንስ፣ ህክምናው ካለቀ በኋላም ለውጡ እየጨመረ እንደሚሄድ ነው የጻፈው፣ ጽሁፉን የተቹም አሉ፣ ትችቱንም አንብበው። በ2017 ደግሞ ስታይነርትና ባልደረቦቿ ሆን ብለው እኩልነትን በሚፈትን ዘዴ ከሌሎች ውጤታማ ከተባሉ ህክምናዎች ጋር አነጻጽረው እኩል ሆኖ አግኝተውታል። ቤትማንና ፎናጊ በ1999 ያሳተሙት ደግሞ በእጣ የተመደቡ የቦርደርላይን (ስሜትና ግንኙነት የሚዋዥቅበት የፐርሰናሊቲ ችግር) ታካሚዎች ላይ ነው፣ ራስን መጉዳትና ሆስፒታል መተኛት ቀንሷል። ማስረጃ የለውም የሚለው ወሬ የቆየ ነው። ረጅም ነው ላልከውም ዲአይቲ የሚባለው አጭር ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ ለድብርት የተዘጋጀ ነው፣ 16 ሴሽን ነው፣ ማኑዋሉ በ2011 ወጥቷል። ሲቢቲ የሚያውቅ ሰው ሲቢቲውን ይዞ ይምጣ፣ የሚጣል ነገር የለውም።

አዲስ ገቢ፦ ህልም አየሁ ጋሼ፣ ጅብ ግቢ ገብቶ እኔን ትቶ ወንድሜን ሲያባርር፣ ፍቺው ምንድነው?

ጋሼ፦ ህልም በዚህ አይፈታም። ያንተን ህልም የምታውቀው አንተ ነህ፣ ከሚያክምህ ሰው ጋር ተቀምጠህ ህልሙ ምን እንዳስታወሰህ እያወራህ ነው የሚሰራው። ጅብ ማለት እንዲህ ነው የሚልህ ሰው ካጋጠመህ ስልጠና የለውም። ቀጥሉ።

ነርስ ከሸዋሮቢት፦ ሰልጣኙ ራሱ ይታከማል የሚለው ላይ ትንሽ ቢያብራሩልን። እኔ ደህና ነኝ፣ ለምን እታከማለሁ? ገንዘቡስ?

ጋሼ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ፍሮይድ በ1912 ሀኪሙ መጀመሪያ ራሱ መታየት አለበት ብሎ ጽፏል፣ በ1937 ሊሞት 2 ዓመት ሲቀረው ደግሞ አናሊስት በየ5 ዓመቱ ያህል እየተመለሰ መታየት አለበት አለ። ይሄንን ያለው ሁሉም ሰው በሽተኛ ነው ብሎ አይደለም። በዚህ ስራ መሳሪያው አንቺ ነሽ። ፖላ ሃይማን በ1950 የጻፈችው ነገር ቴራፒስቱ የሚሰማው ስሜት ስለ ታካሚው መረጃ ይሰጣል የሚል ነው፣ ግን መረጃ የሚሆነው የራስሽን ከሱ መለየት ስትችይ ነው፣ ካልቻልሽ የራስሽን ሀዘን እሱ ላይ ታነቢያለሽ።

በምሳሌ ላሳይሽ፣ ዝርዝሩ ተለውጧል። አንድ ሰልጣኝ ፕሮሰስ ኖት ይዞ መጣ። ፕሮሰስ ኖት ማለት ሴሽኑ ካለቀ በኋላ እሱ ምን አለ፣ እኔ ምን አልኩ እያልን ከትውስታ የምንጽፈው ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ታካሚ፦ አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንም ስሙን አይጠራም። (ዝምታ) እኔ፦ መድሀኒቱን በደንብ እየወሰድክ ነው?" ሱፐርቫይዘሩ ሌላውን ሁሉ ትቶ እዛች መስመር ላይ ቆመ። ዝምታው ስንት ደቂቃ ነበር? ምን ተሰማህ? ስለ መድሀኒት የጠየቅከው ለምንድነው ያኔ? ልጁ መጀመሪያ ክትትል ማድረግ ስላለብኝ ነው አለ፣ ቆይቶ ግን ደረቱ ላይ ጫን እንዳለው፣ ከዛ ዝምታ ለመውጣት እንደቸኮለ ተናገረ። ታካሚው ያለውን አይታችኋል፣ ቤት ውስጥ ማንም ስሙን አይጠራም ነው ያለው፣ ቴራፒስቱም አልጠራለትም፣ እቤት የሚሆነው ነገር ክሊኒኩ ውስጥ ተደገመ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ "ባለፈው ስለ አባትህ ስታነሳ እኔ ወደ ሌላ ነገር ሄድኩ" አለው፣ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱን ስም ጠራ። ሱፐርቪዥን ያንን መስመር አገኘው። ያ ደረት ላይ የጫነው ነገር ከየት እንደመጣ ደግሞ ልጁ የሚያየው ሱፐርቫይዘሩ ጋ አይደለም፣ በራሱ ህክምና ነው። ሱፐርቫይዘር ሀኪምሽ አይደለም፣ ሀኪምሽም ሱፐርቫይዘርሽ አይሆንም። አለቃሽ ከሁለቱም አንዱ ባይሆን ይመረጣል።

ገንዘብ ላልሽው ችግሩ እውነት ነው፣ በተለይ ውጭ ካለ ሰው ጋር ሲሆን ዶላሩ። በዝቅተኛ ዋጋ ሰልጣኝ የሚያዩ አሉ፣ በኢሜል በግልጽ አቅምሽን ጻፊ፣ ማፈር የለም። ኦንላይን ሲሆን ሶስት ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሰዓቱን፣ በኛ ነው በፈረንጅ? እነሱ 7 ሰዓት ሲሉ እኛ 1 ሰዓት ነው የምንለው፣ በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ቀጠሮ አምልጦታል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ማን ለማን ይደውላል፣ የጠፋው ደቂቃስ ይካካሳል አይካካስም። ሶስተኛ ቦታው፣ በሩ የሚዘጋ ክፍል፣ ልጅ የማይገባበት፣ ጎረቤት የማይሰማበት። ቆጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ የት ሄዶ ያውራ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ከስራ ሰዓት ውጪ መስሪያ ቤት ክፍል አስፈቅደው የሚጠቀሙ አሉ።

የደብረ ሲናው፦ ጋሼ ሲፒዲው?

ጋሼ፦ ተመልሷል፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ዲያቆኑ፦ እኔ ሳይኮሎጂ ተመርቄያለሁ፣ በቤተ ክርስቲያንም አገለግላለሁ። ንስሐ አባት እያለ፣ ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል እያለ ህዝቡ ለምን ይሄን ይፈልጋል? ሰው ምስጢሩን ለንስሐ አባቱ ይነግራል።

ሬዚደንት፦ ጸበል ገብቶ መድሀኒት ያቋረጠ ታካሚ በየሳምንቱ ነው የምንቀበለው።

ዲያቆኑ፦ መድሀኒት አቋርጡ ያለው ማነው? አባቶች ሁሉ እንደዛ አይሉም፣ መድሀኒቱን በጸበል ዋጡት የሚሉም አሉ።

ሬዚደንት፦ የሚሉም አሉ፣ አቋርጡ የሚሉም አሉ።

የመሃል ሜዳዋ፦ ወንድሞቼ ስለ ስልጠና ነው የመጣነው።

ጋሼ፦ ልክ ብላለች። አጭር ልበል። ንስሐ በደልን ተናዝሮ ስርየት መቀበል ነው፣ ቴራፒ ስርየት አይሰጥም፣ በደል ያልሆነውንም የሚያስጨንቀውንም አብሮ ማየት ነው፣ አንዱ ሌላውን አይተካም፣ አይጣላምም። ጸበል የሚሄድ ታካሚ ካላችሁ አትከልክሉት፣ ከኛ ደብቆ እንዲሄድ ብቻ ነው የምታደርጉት፣ መድሀኒቱን ይዞ ይሂድ፣ ከተቻለ ከአባቶቹ ጋር ተነጋገሩ። ዲያቆን አንተ ሁለቱንም የምታውቅ ሰው ነህ፣ ሰልጥነህ ብትመጣ ይሄን ድልድይ ከኔ የተሻለ ታቆማለህ፣ ከልቤ ነው።

ጡረተኛው ጤና መኮንን፦ ወንድሜ እድሜ ይስጥህ። አንድ የሚከነክነኝ አለ። ይሄ የቪየና ነገር ነው፣ የኛ ሰው ገመናውን ለባዳ አይዘረግፍም፣ ስሜቱን ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን ጋለኝ ብሎ ነው የሚነግርህ። እንዴት ይሆናል?

ጋሼ፦ እርስዎም እድሜ ይስጥዎት። ጥያቄዎ ትልቅ ነው። ፍራንዝ ፋኖን ሳይካትሪስት ነበር፣ በ1953 አልጄሪያ ብሊዳ ሆስፒታል ገባ። አውሮፓውያን ሴቶች የተኙበት ዋርድ ውስጥ ስብሰባ፣ የዋርድ ጋዜጣ፣ በዓል ምናምን ጀመረ፣ ሰራ። ያንኑ ወስዶ ሙስሊም ወንዶቹ ዋርድ ውስጥ ሲያደርግ ከሸፈ፣ ማንም አልተነሳም። ያደረገው ነገር ታካሚዎቹን ኋላ ቀር ማለት አይደለም፣ ከባልደረባው ከአዙላይ ጋር ሆኖ በ1954 በጻፈው ላይ ችግሩ የኛ ነበር፣ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ ሳናውቅ ነው የገባነው ነው ፍሬ ነገሩ። ከዛ የቡና ቤት አይነት መሰብሰቢያ ከፈተላቸው፣ የራሳቸውን በዓል እንዲያከብሩ አደረገ፣ ተረት ነጋሪ አስመጣ፣ ያኔ ዋርዱ ነቃ። የስልጠናው ፍሬ ይሄ ይመስለኛል፣ ማዳመጥ መቻል እንጂ የፍሮይድ ታካሚዎች የሚተኙበትን የቪየና ሶፋ ጭኖ ማምጣት አይደለም። ሆዴን ቆረጠኝ ካለ ከሆዱ ጀምሩ። መቼ ቆረጠህ፣ ማን ቤት ነበርክ፣ ማን መጥቶ ነበር ስትሉት ከሆዱ ወደ ወንድሙ፣ ከወንድሙ ወደ መሬት ክርክሩ ራሱ ይወስዳችኋል። ገመናውን ለባዳ አይዘረግፍም ላሉት ግን ባዳ ስለሆነ የሚናገርም አለ፣ ከተማው ውስጥ ካንተ ሌላ የምነግረው ሰው የለም የሚለኝ አለ።

ዘመናዊው ሳይኮአናሊሲስ ራሱ ከአፍሪካ የተማረው አለው። ሜሪ አይንስዎርዝ በ1954 እና 55 ዩጋንዳ ካምፓላ አካባቢ 26 ቤተሰብ እየዞረች ህጻናቱን ከእናቶቻቸው ጋር ስትከታተል ነበር፣ በ1967 በመጽሐፍ አወጣችው፣ አታችመንት እየተባለ ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰው ጥናት አንዱ መነሻው እዛ ነው።

የመሃል ሜዳዋ፦ እኛ እዚህ ገጠር ያለነው ምን እንጀምር ታዲያ? ሱፐርቫይዘር የለን ማሰልጠኛ የለን።

ጋሼ፦ ህጻን ኦብዘርቬሽን ጀምሩ። ይሄን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እላለሁ፣ አሁንም እላለሁ። ኤስተር ቢክ በ1948 ለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ ውስጥ ለሰልጣኞች የጀመረችው ነው። አንድ ህጻን ከተወለደ ጀምሮ 2 ዓመት እስኪሞላው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያው ቀን፣ ያው ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ቤቱ ሄደሽ ታያለሽ። አትመክሪም፣ አትመረምሪም፣ ማስታወሻ አትይዢም፣ እናትየው ሻይ ብትሰጥሽ ትጠጫለሽ፣ ቤትሽ ገብተሽ ያየሽውን ትጽፊያለሽ፣ ጽሁፉን በሳምንቱ ቡድን ውስጥ ታነቢያለሽ። ሶፋ አይፈልግ፣ ዶላር አይፈልግ፣ ኔትወርክ አይፈልግ። ቴራፒስት ዝም ብሎ ማየት የሚለምደው እዚህ ነው፣ ህጻኑ ሲያለቅስ አንቺ ውስጥ የሚሆነውን፣ ምነው አታነሳውም ብለሽ እናቱ ላይ የምትቆጪውን ታይዋለሽ።

እኛ ጋ ሲደረግ ግን አንድ ነገር አለ። ህጻን ላይ አፍጥጦ መቀመጥ በኛ አገር ደግ አይደለም፣ ዓይን ይባላል። ጡት የሚጠባ ልጅ እንግዳ ሲመጣ እናቱ በነጠላዋ ፊቱን ትሸፍነዋለች፣ አያትየው ካለች ደግሞ ወሬ ጀምራ ዓይንሽን ወደሷ ትወስደዋለች። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው ከእናትየው ብቻ ሳይሆን ከአያትየውም ነው፣ ልጁ ሳይወለድ ሄደሽ ተዋወቂ፣ ሰው እንዴት እንደሚያድግ እየተማርኩ ነው በይ። ስትገቢ ያሳድግልሽ በይ፣ እስላም ቤት ከሆነ ማሻ አላህ ሳትይ አትቀመጪ። ፊት ለፊት አትቀመጪ፣ ጎን ሆነሽ የሁለቱንም ፊት የምታይበት ቦታ ያዢ። የተሸፈነ ቀን ይሸፈን፣ እሱም ይጻፍ፣ ነጠላው መቼ እንደወረደ፣ ስንተኛው ሳምንት ላይ አያትየው ዝም ብላ እንደተወችሽ ይጻፍ። ከዛ በላይ ምን መረጃ አለ? ልጁ ላይ በሽታ ወይም ጉዳት ካየሽ ግን ኦብዘርቬሽን ነው ብለሽ ዝም አትይም፣ ጤና ባለሙያ ነሽ።

ሳይኮሎጂስት ከአንጎለላ፦ ስጦታስ ጋሼ? ታካሚ ለፋሲካ ቅቤና እንቁላል ይዞ ይመጣል፣ መጽሐፉ አትቀበል ይላል፣ ባልቀበል ናቀኝ ይላል።

ጋሼ፦ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ አስብ ነው የሚልህ። ገጠር የመጣ ሰው እንቁላሉን ስትመልስበት ሰው አልቆጠረኝም ነው የሚለው፣ ትንሽ ነገርና የበዓል ከሆነ አመስግነህ ተቀበል፣ በሚቀጥለው ሴሽን አንሳው፣ ሲያመጣ ምን አስቦ ነበር፣ ካለፈው ሳምንት ንግግራችሁ ጋ ይገናኛል ወይ። በየሳምንቱ የሚያመጣ ከሆነ፣ ገንዘብ ከሆነ፣ በግ ከሆነ አትቀበል። ጽዋ ማህበር ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ ትገናኛላችሁ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ውጭ ስንገናኝ ሰላም ልበልህ ወይስ ልለፍህ? ሰዎች የት ነው የምትተዋወቁት ሲሉን ምን እንመልስ? "የማን ልጅ ነህ" ብሎ ሲጠይቅህም መልስለት፣ ከዛ ለማወቅ ለምን እንደፈለገ ተነጋገሩ። ዘመድህን፣ ያበላኸውን፣ ያበደረህን፣ የመስሪያ ቤት ባልደረባህን አታክም። ከታካሚ ጋር ፍቅር የሚባል ነገር የለም፣ ህክምናው ካለቀም በኋላ የለም፣ እዚህ ላይ ጥያቄ አልቀበልም።

አንድ አባል ከማጀቴ፦ ተፈናቃዮች ጋር ነው የምሰራው፣ ያዩትን እንዲናገሩ ማድረግ አለብን አይደል? ሳይኮአናሊሲስ ያለፈውን ማውጣት ስለሆነ።

ጋሼ፦ አይደለም። አትቆፍር። መጠለያው፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ የጠፋ ልጅ ማፈላለጉ ይቅደም፣ ራሱ መናገር ሲፈልግ አዳምጥ፣ ሲያቆም አቁም። ራስን የማጥፋት ሀሳብ ያለው ካለ ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል፣ ሰው አብሮት ይሁን። ይሄ ስልጠና ያልወሰደ ሰው ተፈናቃይ ላይ አይለማመድ።

ሬዚደንት፦ እሺ ጋሼ ተመላላሽ ክፍል በቀን ብዙ ሰው ነው የምናየው፣ ለአንዱ 10 ደቂቃ ብትደርስ ነው፣ 50 ደቂቃ ከየት ይምጣ?

ጋሼ፦ አሁን ጥሩ ጠየቅክ። 10 ደቂቃዋን ቴራፒ ብለህ አትጥራት፣ ግን አታበላሻት። ያው ታካሚ ያው ሀኪም ጋ እንዲገባ ካርድ ክፍሉን ተነጋገር፣ በየቀጠሮው አዲስ ሰው እየተቀያየረበት ምን ይናገር? በር ተዘግቶ ይሁን፣ ስልክህን አስቀምጠው። ከዛ ከአለቃህ ጋር ተነጋግረህ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አስከፍት፣ 2 ወይም 3 ታካሚ ብቻ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ፣ በየሳምንቱ ያው ሰዓት፣ ለ16 ሳምንት። ማን እንደሚመረጥ ከሱፐርቫይዘር ጋር ይታይ፣ አሁን ሳይኮሲስ ላይ ያለ (ሌላው የማያየውን የሚያይ፣ የማይሰማውን የሚሰማ)፣ አረቄ ጠጥቶ የሚመጣ ለጀማሪ አይሰጥም።

የደብረ ሲናው፦ ይቅርታ ኔትወርክ አስቸግሮኝ ነው፣ ሲፒዲ ነጥብ አለው ወይ ያልኩት አልተመለሰልኝም

ጋሼ፦ ልጄ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ኮርሱን የሚሰጠውን አካል ጠይቅ፣ እውቅና ያለው ሲፒዲ ሰጪ ከሆነ ነጥብ ይሰጥሃል፣ ካልሆነ አይሰጥህም። 3 ቀን ተምሮ ቴራፒስት መባል ግን የለም። መሰረታዊው የኤምቢቲ (የሜንታላይዜሽን ህክምና) ኮርስ ራሱ 3 ቀን ነው፣ ከሱ በኋላ በሱፐርቪዥን ታካሚ እያየህ ነው የምትቀጥለው፣ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ማቆም አይደለም።

የመሃል ሜዳዋ፦ ጋሼ ቡድን እንመስርት ታዲያ፣ ኦብዘርቬሽኑንም ኬዙንም። ማን ይመራናል?

ጋሼ፦ እኔ በወር ሁለቴ እገባለሁ፣ ሌላውን ሳምንት እናንተው ራሳችሁ። ከ6 ሰው አይብለጥ፣ በኔትወርክ ሳይሆን በአካል፣ የመሃል ሜዳና የሰላ ድንጋይ ሰዎች አንድ ላይ፣ የሸዋሮቢትና የደብረ ሲና አንድ ላይ። ሐሙስ 10 ሰዓት ብላችሁ ከያዛችሁ ሐሙስ 10 ሰዓት ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ ቢመጣም ይካሄዳል። አንድ ሰው 2 ገጽ ፕሮሰስ ኖት ይዞ ይመጣል፣ በእጅ የተጻፈ፣ ስምና ቦታ የተለወጠ፣ ከታካሚው ፈቃድ የተጠየቀበት። ይነበባል፣ ሌላው "እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር" አይልም፣ ስሰማ ምን ተሰማኝ፣ የቱ ጋ ደከመኝ፣ የቱ ጋ ጠፋብኝ ይላል። ሲያልቅ ወረቀቱ ይቀደዳል፣ ፎቶ ማንሳት የለም። ይሄ ሱፐርቪዥንን አይተካም፣ ሱፐርቫይዘር እስክታገኙ ግን ብቻችሁን አትሁኑ።

ነርስ ከሸዋሮቢት፦ እኔ የመጀመሪያውን አቀርባለሁ።

ጋሼ፦ ጎበዝ። ስታመጪ ዝምታዎቹንም ጻፊያቸው፣ ከማን ንግግር በኋላ እንደመጡ። የምትመዘገቡ ለአስተባባሪው በውስጥ ላኩ፣ ሙያችሁንና የምትሰሩበትን ወረዳ ብቻ፣ የታካሚ ነገር እንዳትልኩ።